ለአንድ ሰው የተላከው ድምፅ

ጭምቷ የአዳራሹ በር ላይ ቆማ እንግዳ ስትቀበል ነገሩ አላምር አላት። ሰው በዛ። በዓሉ ካለፈ ከርሟል፤ ለበዓል ብቻ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ሰው ደግሞ በተራ እሁድ ድርሽ አይልም። ዛሬ ግን ይኸው፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ እየተጋፋ ይገባል። ይግባ፣ ደግ ነው። የገረማት መግባቱ ሳይሆን ሁሉም እሷን እያየ ፈገግ ማለቱ ነው።

መጀመሪያ የደረሰው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ባርኔጣውን አወለቀና እጇን ጨብጦ መልቀቁን ረሳው።

“መጣሁልሽ ልጄ” አላት።

“እንኳን ደህና መጡ አባባ።”

“ቆመሽ እንዳትጠብቂኝ ብዬ በማለዳ ነው የተነሳሁት።”

ምን ማለቱ እንደሆነ ሳይገባት ፀጉር አስተካካዩ ደረሰ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ነው የገባው። ሲያልፍ ዓይኑን ጠቀሰባት። በእግዚአብሔር ቤት ደጃፍ! ከእሱ ኋላ የመጋዘን ዘበኛ የሆነች ጠና ያለች ሴት መጣችና አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። “አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። የምትወጂውን ይስጥሽ” ብላ መርቃት ገባች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አገር የሰማውን እሷ ብቻ ሳትሰማ፣ “እሺ እናቴ፣ ይግቡ፣ ቦታ አለ” ስትል ቆየች።

“ጭምቷ” ብላ ያወጣችላት አክስቷ ናት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ አጸደቀው። አባቷ ትልቅ ተቋራጭ ነው። ይህን አዳራሽ ያሠራ፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ ሲያስነጥሰው እንኳ “ይማርህ” የሚለው ሰው የሚሽቀዳደምለት። ልጁ ግን በየት በኩል እንደወጣች እንጃ፣ ድምጿ የማይሰማ፣ ሰው ሲስቅ አንገቷን የምትደፋ ሆነች። ለዚህች ልጅ ነው እንግዲህ የእንግዶች ክትትል ክፍሉን የሰጧት። ሥራው ቀላል ነው፤ በበዓል ቀን የመጣ ሰው በዚያው እንዳይቀር በቢሮው ስልክ ይደወልለታል፣ መልእክት ይላክለታል። ወንበር ያስያዘው ሰው ራሱ ይደውል የሚል ደንብም አለ፤ ፊት ለፊት የተያየ ሰው ሲያወራ አይፈራም ተብሎ። በግል ስልክ መደወል ክልክል ነው። እንግዶቹ በድምፅ የሚልኩት መልስ ደግሞ እሁድ እሁድ በመድረኩ ሞንታርቦ ለጉባኤው ይሰማል። ይህን የምታዘጋጀው፣ ቅዳሜ ስልኩን ተረክባ፣ ያችው አክስቷ ናት። አክስቷን ሰዉ “ሬዲዮ” ይላታል። ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

በበዓሉ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የቆመ አንድ ረጅም ሰው አየች። እግር ሲቀያይር አንጀቷን በላው። የራሷን ወንበር ሰጠችውና እሷ በሩ ላይ ቆመች። መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ ነው። ሱቁ ለበዓል ዝግ፣ ቤቱ ሰው የለበትም፤ ሰዉ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሲሄድ አይቶ የተከተለ ሰው ነበር። በሳምንቱ ማክሰኞ ደወለችለት።

“በሰላም ገቡ ወይ?” አለችው፣ የተሰጣትን ወረቀት እያነበበች።

ከወዲያ ማዶ፣ “በሰላም ገባህ ወይ ያለኝ ሰው እናቴ ካለፈች ወዲህ የለም” አለ። ከዚያ ደግሞ፣ “ግን እኮ እኔ ከገባሁ ሰነበትኩ፣ ከዚያም ደጋግሜ ወጥቻለሁ” ብሎ ሳቀ። እሷም ሳታስበው ሳቀች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ በዚያች ሳቅ ተያዘች።

ማክሰኞ ማክሰኞ መደወል ሥራዋ ነው፤ ማን ምን ይላታል? “እርስዎ” ወደ “አንተ” ወረደ፣ ጥያቄው ወሬ ሆነ፣ ወሬው ዝምታ ሆነ። ሁለት ሰው ስልክ ይዞ ዝም ብሎ ካልዘጋ ነገሩ አልቋል። አንድ ነገር ብቻ አልሆን አላት፤ እሁድ ና ስትለው አይመጣም። “ልብሴ ጎማ ጎማ ይሸታል፣ መዘምራኑን ያስነጥሳቸዋል” እያለ በቀልድ ያመልጣታል። ሲብስበት ደግሞ፣ “ለሥራሽ ነው አይደል የምትደውዪልኝ? ግድ የለም፣ ለሥራሽም ቢሆን ደስ ይለኛል” ይላታል። ይህች ቃል ናት ልቧን ያቆሰለችው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ውስጥ ብቻዋን ሳለች ድፍረት ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ስልኩን አነሳች። ብትደውል አፏ ይያዛል። በድምፅ መልእክት ቀድታ፣ ልካ፣ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ወርውራ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤቷ በረረች። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ከአክስቷ ጋር ነው። መልስ ይኑር አይኑር አታውቅም። ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ አልበላ ብሏት፣ አባቷ “ጾም ይዘሻል እንዴ?” ብሏት ነበር።

ይህን እያሰበች ቀና ስትል፣ እሱ በግቢው በር ገባ።

ሰማያዊ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። የእጥፋቱ መስመር ገና አልለቀቀም፤ ከሱቅ ወጥቶ በቀጥታ ነው የተለበሰው። እጆቹን ፈትጎ ፈትጎ አቅልቷቸዋል። ሰዉን በትከሻው እየከፈለ ሲመጣ ከእሷ በቀር የሚያየው ነገር አልነበረም። እሷም እንግዳ መቀበሏን ተወችው። ፊቱ ላይ ያለው ብርሃን የመልእክቷ መልስ ነው። ሰማ! መጣ! የበሩን እጀታ ያዘች።

“ጠበቅሽኝ?” አላት።

“ጠበቅኩህ።”

ቀጥሎ ሊል የነበረውን እግዚአብሔር ይወቀው። ፀጉር አስተካካዩ ከውስጥ ተመልሶ ወጣ፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል፤ ከኋላው ጓደኛውን ይጎትታል።

“ይቺ ናት ስልህ! አላመንከኝማ! በል ስማ፣ ለእኔ የላከችውን ስማ!”

ከስልኩ የጭምቷ ድምፅ ወጣ።

“ስማኝ፣ ዛሬ ማክሰኞ አይደለም። የምልክልህም ለሥራዬ አይደለም። ወንበርህ ላይ ሰው ሊቀመጥ ሲል ሰው አለው እላለሁ። ስዋሽ ስንት እሁድ ሆነኝ። ድምፅህን ያልሰማሁ ቀን ቀኑ አይመሽልኝም። ና። ለቤተ ክርስቲያን ብለህ አልልህም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለእኔ ብለህ ና። በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ...”

ጭምቷ ክው አለች። ያ ድምፅ በፀጉር አስተካካዩ ስልክ ውስጥ ምን ይሠራል?

“ወይ ጉድ!” አለ ጓደኛው ግራ ተጋብቶ፣ የራሱን ስልክ እያወጣ። “ይኼን እኮ ለእኔም ልካልኛለች!”

ያኔ ገባት። ዓርብ ጠዋት ለእንግዶቹ ሁሉ የተለመደውን ማስታወሻ ልካ ነበር፤ አንድ ጊዜ ተናግረውበት ለመቶዎች፣ ለያንዳንዱም ለብቻው እንደተላከ ሆኖ በሚደርስበት መንገድ። ከሰዓት በኋላ በፍርሃት ዓይኗን ጨፍና የተጫነችው የእሱን ስም አልነበረም። ከእሱ ስም በላይ የነበረውን የእንግዶቹን ሁሉ ዝርዝር ነው። ሾፌሩ፣ ዘበኛዋ፣ እነዚህ ሁሉ የተተኮሱ ሸሚዞች... እናቴ ድረሽ! መሬት ተከፍታ በዋጠቻት።

ወደ እሱ ዞረች። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ድርግም ብሎ ጠፍቷል።

“ለካ ለሁሉም ነው” አለ ቀስ ብሎ። አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻላት ነበር።

“አይደለም! ቆይ፣ ላስረዳህ...”

“ግድ የለም። ሥራሽ ነው። እኔ ነኝ ቂሉ፣ ሸሚዝ የገዛሁት።”

ወደ መጣበት ተመለሰ፤ የሚገባው ሰው ዋጠው። እሷ ልትከተለው ስትል አክስቷ ክንዷን ጨምድዳ ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተቻት። ልቧን በሩ ላይ ጥላ ገባች።

“እልል በይ እንጂ! ምን ያስለቅስሻል?” አለች ሬዲዮ ወደ መድረኩ እያጣደፈቻት። “ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ሞልቶ ያውቃል? አባትሽ በደስታ ሊፈነዳ ነው። ምን ብለሽ ነው የላክሽላቸው?”

“አክስቴ፣ ጉድ ሆኛለሁ። የላክሁት ለአንድ ሰው ነበር።”

“ለማን?”

ጆሮዋ ስር ነገረቻት። ሬዲዮ አፏን በመዳፏ ያዘች፣ ዓይኗ ፈጠጠ፤ ከዚያ ግን ቶሎ ነቃች።

“በጭራሽ! አልሰማሁም፣ አልነገርሽኝም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ቃሉን ጌታ ነው አፌ ላይ ያስቀመጠው በያቸው፣ አለቀ። ለጎሚስታ ነው ብትዪ አባትሽ ቆሞ ነው የሚቀረው። ይኼ ሁሉ ሰውስ? ለእኔ ብላ ጠራችኝ ብሎ የመጣውን ሁሉ በአደባባይ ልታዋርጂው ነው?”

ይህች የመጨረሻዋ አጥንቷ ውስጥ ገባች። እውነቷን ነው። ሾፌሩ ፊተኛው ረድፍ ላይ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ፈገግ ብሎ ያያታል። ዘበኛዋ ዓይኗን እየጠረገች እጇን ታውለበልብላታለች። ብትናገር እነሱን ትሰብራለች፣ አባቷን ታዋርዳለች። ዝም ብትል ደግሞ ያ ሰማያዊ ሸሚዝ ለዘላለም ይሄዳል።

አባቷ መድረክ ላይ ወጣ። ድምፁ እንደ ወትሮው አዳራሹን ሞላው።

“ወገኖቼ! እንግዳ ማለት ክቡር ሰው ነው። በበዓል ቀን መጥቶ የሄደን ሰው ማን አስታውሶት ያውቃል? እኛ አስታወስነው! ደወልንለት! ይኸው ተመለሰ! ይህን የሠራችው...” ብሎ ወደ ልጁ አመለከተ። “ይህን የሠራችው ጭምቷ ልጄ ናት!”

ጭብጨባው ጣሪያውን አነቃነቀው። እሷ ወደ መሬት ታያለች።

“እስቲ ደግሞ የእንግዶቻችንን መልስ እንስማ” አለ ተቋራጩ፣ ለእህቱ ምልክት እየሰጠ።

ሬዲዮ ስልኩን ከሞንታርቦው ጋር አገናኝታ ጨርሳለች። ትናንት ሙሉ ቀን የድምፅ መልሶቹን ስትመርጥ ነው የዋለችው። መምረጥ ከተባለ። የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ቃል ሰምታ፣ “አለቀስኩ” የሚል ካለበት ትይዘዋለች፤ እስከ መጨረሻው የመስማት ልማድ የላትም። ረጅሙ ደግሞ ጥሩ ምስክርነት ነው ብላ ታምናለች። ጭምቷ ይህን ታውቃለች። አሁን ግን ልቧ ውጭ፣ ግቢው ውስጥ ስለነበረ ትዝ አላላትም።

“ድምፅሽን ሰማሁት” አለ ከሞንታርቦው አንድ የወንድ ድምፅ። “ሰምቼ አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም።”

“አሜን!” አለ ሰዉ።

ጭምቷ ግን ይህን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሐል ታውቀዋለች።

“እኔ ጎሚስታው ነኝ፣ እንዳትሳሳቺ። ለምን አትመጣም ስትዪኝ በቀልድ ሳመልጥሽ ቆየሁ። ዛሬ ልንገርሽ። የዚያን የበዓል ዕለት ወንበርሽን ለቅቀሽልኝ ሄድሽ። ጸሎት ሲጀመር ዓይኔን ጨፈንኩ። ስንት ዓመቴ ነው እንዲህ ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ ዓይኔን ስጨፍን። አንድ ትልቅ ሰው ትከሻዬን ነካኝ። ‘አንተ ጎሚስታው አይደለህ? የመኪናዬ ጎማ ተንፍሷል፣ ና ውጣ’ አለኝ...”

“አሜን” ሊል አፉን የከፈተ ሰው ከነአፉ ቀረ።

“አክስቴ፣ ዝጊው!” አለች ጭምቷ በሹክሹክታ። ሬዲዮ ስልኩን ብትጫነው፣ ብትነካካው፣ ይባስ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

“ወጣሁ። ምን እላለሁ? በበዓል ልብሴ መሬት ላይ ተኝቼ፣ ክሪክ አስገብቼ፣ መኪናውን አንስቼ ጎማ ቀየርኩ። ከውስጥ መዝሙሩ ይሰማኛል። ስጨርስ ሰዉ ይወጣ ጀመር። ያኔ ነው አንቺ መጥተሽ ልትጨብጪኝ እጅሽን የዘረጋሽው፣ እኔ እጄን ከኋላዬ የደበቅኩት። ኩሩ ነው ብለሽ ይሆናል። ጥቁር ሆኖ ነው። ሰውዬው አባትሽ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ልነግርሽ አልፈለግኩም፤ አባት አባት ነው። ግን ለእኔ ብለህ ና አልሽኝ። ስለዚህ እመጣለሁ። እወድሻለሁ። ይኸው አልኩት። ከዚያ ቤት ቢያስወጡኝም ዘንድሮ ተመልሼ እገባለሁ።”

ድምፁ አለቀ።

ጭምቷ አባቷን አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል። አሥር ደቂቃ አልሞላውም ‘እንግዳ ክቡር ነው’ ካለ። እሷ ደግሞ ለዚህ ሰው ስንት ማክሰኞ “ለምን አትመጣም?” እያለች ነዝንዛዋለች! የገዛ አባቷ ከጸሎት አስነስቶ መኪና ስር እንዳስተኛው ሳታውቅ! እሱም ችሎ፣ በቀልድ ሸፍኖ፣ ለእሷ ሲል ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖሯል።

የአዳራሹ በር ተበረገደ። ሞንታርቦው ለግቢውም ይሰማል፤ የገዛ ድምፁ ከአናቱ ላይ ሲጮህበት ሰምቶ የማይመለስ ማን አለ? ጎሚስታው መተላለፊያው መሐል ቆመ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

“መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው የጠራሽኝ?” አላት። “ለሁሉም መላክሽ አነሰሽና የልቤን ለጉባኤ አሰማሽው? ምን አደረግኩሽ? ወንበር ስትሰጪኝ ተቀመጥኩ፣ ስትደውዪ አነሳሁ። ምን በደልኩሽ?”

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ ሁሉ ዓይን መሐል የእሱ ብቻ እንባ አቅርሮ ነበር።

“ዝም በይ” አለች አክስቷ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዛ። “በእናትሽ ዝም በይ።”

ዕድሜዋን ሙሉ ዝም ብላለች። አባቷ ሲናገር ዝም፣ ሰው ሲስቅባት ዝም። ዝምታዋን ሰዉ እንደ ደህና ጠባይ ቆጥሮላት፣ ስም አድርጎ ሰጥቷት፣ እሷም ለብሳው ኖረች። አሁን ዝም ካለች ግን ይህ ሰው እስኪሞት ድረስ የተሳቀበት ይመስለዋል። ድምፅ ማጉያውን ከአባቷ እጅ ወሰደችው። አባቷም ሳይታወቀው ለቀቀላት።

“እኔ...” አለች። ድምጿ ተሰበረ። እንደገና ጀመረች። “እኔ ተሳስቻለሁ። ያ መልእክት ለሁላችሁ አልነበረም። ይቅርታ አድርጉልኝ። ለአንድ ሰው ብዬ የላክሁት ነው። እዚህ ለቆመው ሰው። እጄ ስቶ ለሁላችሁ ደረሰ። መልሱን አልሰማሁትም፤ ዛሬ ከእናንተ እኩል ነው የሰማሁት። አባቴ ያደረገውንም ዛሬ ነው የሰማሁት።” ወደ ጎሚስታው ዞረች። “ለሥራዬ አይደለም። ለሥራዬ ሆኖ አያውቅም። ከመጀመሪያው ሳቅህ ጀምሮ ለሥራዬ አልነበረም። እወድሃለሁ! ይኸው እኔም አልኩት!”

“ኡኡቴ!” አለች አንዲት ሴት ከመሐል። ከመዘምራኑ አንዷ መዝሙር ደብተሯ ከእጇ አመለጣት። ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ራሱ ኪስ ውስጥ መግባት የፈለገ ሰው መሰለ።

ጭምቷ ግን ዓይኗ ፊተኛው ረድፍ ላይ ወደቀ። ሾፌሩ ባርኔጣውን አንስቶ ቆሟል።

“አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ” አለችው እያለቀሰች። “አላውቅም ነበር።”

“ምኑን ልጄ?” አለ ሽማግሌው። “የእኔ ነገር እንዳይከብድሽ። ‘ድምፅህን ካልሰማሁ ቀኑ አይመሽልኝም’ የምትል ወጣት ለእኔ እንዳልሆነች ገና ዓርብ ገብቶኛል። እብድ ነኝ እንዴ? ግን ከነስህተቱም ቢሆን ደጋግሜ ሰማሁት። አንድ ቦታ አንድ ሰው ሌላውን ሰው ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው፣ ሄጄ ልየው ብዬ መጣሁ። ይኸው አየሁ።” ከዚያ ወደ መድረኩ፣ ወደ ተቋራጩ ቀና አለ። “እርስዎ ግን ጌታዬ፣ ለእኔ ደውለውልኝ አያውቁም። የደወለችልኝ እሷ ናት።”

ዘበኛዋ ጮክ ብላ አለቀሰች። ጭምቷ የፈራችው ስብራት አልመጣም፤ ሌላ ነገር ነው የመጣው፣ ስሙን የማታውቀው፣ እንባዋን የባሰ ያወረደው።

አባቷ ከመድረኩ ወረደ። መተላለፊያው ላይ ሲሄድ ሰዉ እግሩን ሰበሰበ። ጎሚስታው ፊት ሲደርስ ቆመና ቁልቁል፣ ሽቅብ አየው። ጭምቷም ሮጣ ወርዳ መሐላቸው ደረሰች፤ አባቷ ይጮኻል፣ ይማታል ብላ ፈርታ ነበር። እሱ ግን አልጮኸም።

“አንተ ነህ እንዴ?” አለ። “እኔ... አላወቅሁህም።”

“እንግዳ መሆኔን ነው ያላወቁት” አለ ጎሚስታው በጨዋ ቃል፣ “ወይስ ሰው መሆኔን?”

ተቋራጩ ወደ ልጁ ዞረ።

“ቤት እንነጋገራለን” አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። “ነይ፣ እንሂድ።”

“እዚሁ እንነጋገር አባዬ። እሱን ያስወጣኸው ከዚህ ነው።”

ይህን ያለችው እሷ ናት? ራሷም ደነገጠች። አባቷ ፊቱ ላይ የታየው ንዴት አልነበረም፤ ንዴት ቢሆን ታውቀዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ አይታው የማታውቀው ነገር ነበር፤ አባቷ አፍሯል። አጠገቡ ባገኘው ወንበር ላይ፣ ከሁለት የማያውቃቸው እንግዶች መሐል ቁጭ አለ። አንደኛው እንግዳ ተጠጋለት። “አይዞዎት” አለው፣ ማን መሆኑን ሳያውቅ።

ተቋራጩ ጎሚስታውን ቀና ብሎ አየው። “ልጄ...” አለና ቀጣዩን ቃል ለራሱ አጉተመተመ። ይቅርታ ይሁን ሌላ፣ ማንም አልሰማውም። ጎሚስታው ግን ራሱን ነቀነቀ፣ የሰማ ይመስል።

ከዚያ ሁለቱ ቀሩ። አዳራሽ ሙሉ ሰው እያያቸው ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

“ምን አደረግሽ አንቺ?” አላት በሹክሹክታ። ቁጣው ሁሉ የት እንደገባ እንጃ፣ የተደናገጠ ልጅ መስሏል። “በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? እኔ ጎማ የምጠግን ሰው ነኝ እኮ። ነገ ሰው ይጠቋቆምብሻል። አባትሽ ሊያኮርፍሽ ይችላል። አክስትሽ... አክስትሽን ተያት። ነገ ጠዋት ተነስተሽ ብትቆጪስ?”

“ልቆጭ” አለችው። “አንተ ብቻ አጠገቤ ሁንና ልቆጭ።”

አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተጠጋ። እሷም መልሱን አልጠበቀችም። ደስታ ይሁን ድንጋጤ ሳይለይላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ሳትደፋ፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ሰው ሁሉ እያያት ጮክ ብላ አለቀሰች።